ከ«ማን ቀረ?» በኋላ ያለው ዝምታ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከጭነት ክፍል ወደ ቀዝቃዛ ቤት ተዛወርኩ። ወገቤ ነው ያዛወረኝ። አለቃዬ «ከእንግዲህ አትሸከምም፣ በር ትዘጋለህ» አለኝ። በር መዝጋት... ማን ያቅተዋል ብዬ ገባሁ።

ይዤ የሄድኩት፦ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጓንት፣ የአንገት ልብስ፣ የወገብ ክኒን፣ መለወጫ ጓንት።
የረሳሁት፦ ምሳዬን።

ከውጭ ሆኜ ሳጥን ሳቀብል ስንት ዘመኔ፣ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ስድስት ክፍል ነው። በሮቹ እንደ ባንክ ካዝና ወፍራም። ሥጋው፣ ዓሣው፣ ቅቤው እስከ ጣራ ተደርድሮ፣ በመደርደሪያዎቹ መሃል መንገዱ እንደ ሰፈር ቅያስ ይጠማዘዛል። አምፖሎቹ ላይ በረዶው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። የራሴን ትንፋሽ እያየሁ አፌን ከፍቼ ቆምኩ። «ዝጋው፣ ጥርስህን ይበርደዋል» አሉኝ ጋሽ ኮቱ።

የበር ሠራተኛው እሳቸው ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ፣ እስከዚያ ሥራውን ያሳዩኛል። ያንን ወፍራም ኮታቸውን ፀሐይ ላይም አያወልቁም፣ ስሙ የወጣላቸው ለዚህ ነው። ጫኞቹ «ሲወለዱም ቆልፈውት ነው» ይላሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ማራገቢያውን ታጠፋለህ፣ ጩኸቱ መልስ እንዳይውጥብህ። በሩ ላይ ቆመህ ወደ ውስጥ «ማን ቀረ?» ብለህ በዜማ ትጣራለህ። ትጠብቃለህ። መልስ ከሌለ ትዘጋለህ። ከውስጥም መክፈቻ አለ፣ በረዶ ሲይዘው ግን የለም ማለት ነው።

«ይሄ የኛ የኳስ ክለቡ ዘፈን አይደል እንዴ?» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ነው» አሉ። ወደሚቀጥለው በር አለፉ።

ማታ ደግሞ ልጄ እየሮጠች ገባች። «አባዬ፣ ጠሪ ሆንኩ።» የድሮው ጠሪ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል። ከመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ ጀምሮ የአጥሩ ብረት ላይ ወጥታ ዘፈኑን የምታስጀምረው እሷ ናት። ስቴዲየም ውስጥ ፉጨት ነው የሚሏት፣ ድምፅዋ ስለሚሰነጥቅ። ቀኑን ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የምትውል ልጅ...

የሚያስፈራኝ፦
1. ብረቱ። ዝናብ ከጣለ ያንሸራትታል።
2. ግፊያው።
3. ጉሮሮዋ።
4. የተቃራኒ ደጋፊዎች አፍ።
5. ሕዝቡ ቢስቅባትስ?

እራት ላይ «በላሽ? አልበላሽም። ብረቱ መያዣ አለው? የለውም» አልኳት። ሚስቴ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ውላ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «አንተ ሰውዬ፣ ትጠይቃለህ፣ ራስህ ትመልሳለህ። እኛማ ሥራ ፈት ሆንን» አለች። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መታጠቢያ ቤት ገብታ ትለማመዳለች። «ማን ቀረ?» ስትል ጎረቤታችን ግድግዳውን ሦስቴ ደበደበ። ተናዶ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስነሳ «ማንም!» ብሎ መለሰ። ለካ እሱም የኛው ነው።

ዘፈኑ እኮ ብዙ የለውም። ጠሪው «ማን ቀረ?» ይላል። ከበሮ ሦስቴ። ሕዝቡ «ማንም!» ይላል። ከዚያ አብሮ፦

አብረን ገባን፣ አብረን ወጣን፣
አንድ ሰው ከኋላ አልተውን።

በቃ። ጎረምሳ ሆኜ ዘፍኜዋለሁ። እሷን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ዘፍኜዋለሁ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዘፈን ይጠየቃል?

ዓርብ፣ የካቲት 14

በተርታ ልጻፈው።

የመውጫ ሰዓት ደረሰ። ጋሽ ኮቱ «ዛሬ አንተ ዝጋ» አሉኝ። አንደኛውን ዘጋሁ። ሁለተኛውን ዘጋሁ። ደስ ብሎኛል፣ ሙያ የያዝኩ መስሎኛል። ሦስተኛው ላይ ማራገቢያውን አጠፋሁ። «ማን ቀረ?» አልኩ። ከዚያ እጄ... እጄ በራሱ ጊዜ በሩን ሦስቴ መታ። ድም፣ ድም፣ ድም። አፌም በራሱ ጊዜ «ማንም!» አለ።

ዘጋሁት። ማራገቢያውን አስነሳሁ። እያፏጨሁ ወደ አራተኛው ሄድኩ።

ልብስ መቀየሪያው ጋ ስደርስ ጋሽ ኮቱ የሉም። መጸዳጃ ቤትም የሉም። አንዱን ጫኝ ጠየቅኩት። «ሦስተኛ ክፍል በረዶ ሊፈነቅሉ ገብተው ነበር እኮ» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ወገብ ያለኝ ሰው አልመስልም ነበር። በሩን ስከፍት እዚያው ከኋላው ቆመዋል። ቅንድባቸው ነጭ ሆኗል። አልጮኹም። አልተሳደቡም። ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ፣

«ጎሉ ገባ?» አሉኝ።

ደግፌ አወጣኋቸው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

እህል አልቀመስኩም። ለሚስቴ አልነግራትም።

ነገርኳት። «ሰውየው ደህና ናቸው?» አለች። ደህና ናቸው። ሻይ ጠጥተው በእግራቸው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት። «እንግዲያው ሰኞ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ዘፈኑን አስበህ ነው?» እያሰብኩማ ቢሆን ኖሮ...

ሰኞ፣ የካቲት 17

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል «ተው፣ ከወደቅህ በዚያ ወገብህ ማን ያነሳሃል?» አሉኝ። ለአለቃዬ አልነገሩም። ልናገር ስል ከለከሉኝ። እኔ ግን ሄጄ ነገርኩ። አለቃዬ እሳቸውን ጠርቶ ጠየቃቸው። «ከእንግዲህ ከሱ የተሻለ በር የሚዘጋ አታገኝም» አሉት። ይሄ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከምሳ በኋላ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ስንት ልጠብቅ? ቁጥሩን ይንገሩኝና ልጻፈው። አሥር ልቁጠር? ሃያ?»

«ቁጥር የለውም። ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ መስማት አለበት። ከዚያ የሰማውን ማመን አለበት። ከዚያ አየር መሳብ አለበት፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እሺ ብሎ አይገባም። ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይሄን ሁሉ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለህ።»

«እንዴት አወቁ?»

ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ነገሩኝ። እንዳይጠፋብኝ እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ።

ክለቡን የመሠረቱት የቀዝቃዛ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ወጥተው ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይጫወቱ ነበር። ጋሽ ኮቱ ያኔ ጎረምሳ ናቸው። በክንፍ በኩል የሚሮጡ፣ ኮት የሌላቸው። አንድ ቅዳሜ ለጨዋታው ሁሉም ቸኩሏል። በሩን የዘጋው ጓደኛቸው ነው፣ የቡድኑ አጥቂ። እሳቸው ውስጥ ነበሩ።

ሜዳው ላይ ቡድኑ ተሰለፈ። ዳኛው ቢያይ አንድ ሰው ይጎድላል። «ማን ቀረ?» አለ። ተጫዋቾቹ ተያዩ። ተመልካቹም ምን ሆኑ ብሎ ዝም አለ። አጥቂው ቆመ፣ ቆመ... ከዚያ ሮጠ።

«ሁሉም ሮጠ» አሉኝ። «ቡድናችን ሮጠ። ተመልካቹ ሮጠ። ዳኛው ፊሽካውን በጥርሱ እንደያዘ ሮጠ። ተጋጣሚዎቻችን ሳይቀሩ ሮጡ፣ ወዴት እንደሆነ ሳያውቁ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ሞቆኝ ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው፣ ሁለት ዓይነት ማሊያ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ታጭቆ ያየኛል። ‹ጨዋታ እዚህም አለ እንዴ?› አልክ ይሉኛል። አላስታውስም።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አጥቂው ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም። በር ላይ መድቡኝ አለ። ጥሪውን ያወጣው እሱ ነው። ዜማውም የሱ ነው፣ ዜማ ከንግግር ይልቅ መደርደሪያውን ዞሮ ይደርሳል ብሎ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡድኑ ሲሰለፍ ሜዳው ዳር ቆመና «ማን ቀረ?» ብሎ ጠራ። ጋሽ ኮቱ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፣ ሳንባቸው አልዳነም። ሁሉም ዞሮ እሳቸውን ያያል። ትንፋሽ እስኪያገኙ ሜዳው በሙሉ ጠበቃቸው። ከዚያ ብቻቸውን፣ በቀጭን ድምፅ፣

«ማንም» አሉ።

ዘፈኑ ይሄ ነው። ከዚህ ነው የመጣው።

ያን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩት የአንድ ሰው መልስ ነው? እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ዳቦ የሚቆርስ ሰው መልስ?

«በሩ ላይ ‹ማንም› የሚል ሰው የለም» አሉኝ። «በሩ ላይ ‹ማንም› የሚለው ዝምታው ነው። ሜዳ ላይ ግን መልሱ የኔ ነበር። ስንት ዓመት እየሄድኩ መለስኩ፣ ሕዝቡ ከኔ ይቀጥላል። ከዚያ ከበሮ መጣ። ደስ ይል ነበር ከበሮው። ግን ትንፋሼን ሳልሰበስብ ጥለውኝ ያልፋሉ። መሄድ ተውኩ።»

«አጥቂውስ?»

«እስኪሞት በሩን ይዞ ኖረ። ከዚያ እኔ ያዝኩት።»

«ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«የሚዘፍነው ብዙ ነው። የጠየቀኝ ግን የለም።»

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ለልጄ ነገርኳት። ልብስ እየተረተረች ነበር፣ መቀሱን አስቀመጠችው። ዳኛው ፊሽካውን በጥርሱ ይዞ የሮጠው ጋ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ይሄ ቦታ ያስቃታል ብዬ ነበር።

«አባዬ፣ በሩ ላይ እንዴት ነው የምትጠብቀው? አሳየኝ።»

ኩሽና መሃል ቆሜ አሳየኋት። ጆሮ ወደ ውስጥ ይዞራል። እጅ ከጆሮ ኋላ። አፍ ትንሽ ይከፈታል፣ አፍ ሲከፈት ጆሮ ይጠራል ብለዋል ጋሽ ኮቱ። ሚስቴ ድስቱን ማማሰል አቆመች። ሦስታችንም ምን እንደምንሰማ እንጃ... ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

«ከበሮውን አስቆማለሁ» አለች።

እሑድ፣ የካቲት 23

የክለቡ ከበሮ መቺ ቤታችን ድረስ መጣ። ጎሚስታ ነው፣ እጁ እንደ ጎማ መፍቻ። ሻይ አልጠጣም አለ።

«ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ይላል ብላ ነው? ቤተ መጻሕፍት መሰላት እንዴ?» ለኔ ነው የሚናገረው፣ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ። «እነዚያ ተቃራኒዎቹ ዝምታ ካገኙ በፉጨት ይሞሉታል። መሳቂያ ትሆናለች። የመጀመሪያ ቀኗ ነው። የደጋፊው ኮሚቴ ያወርዳታል፣ ሌላ ሰው ያወጣል።»

«ካልሆነልኝ ራሴ እወርዳለሁ» አለች።

«ከበሮው ምን በደለሽ?»

«ሰው ሊመልስ ሲል ትቀድመዋለህ።»

የጋሽ ኮቱን ታሪክ ነገረችው። ራሱን አከከ። «ይሄን አላውቅም ነበር» አለ። «ግን ሕዝቡም አያውቅም እኮ። ለሁሉም በየወንበሩ እየዞርሽ ልትነግሪ ነው?»

እውነቱን ነው። እሱ ከሄደ በኋላ የሚያስፈራኝን ልጽፍ ቁጭ አልኩ። ከአምስተኛው በቀር ሁሉም ጠፋብኝ። ሕዝቡ ቢስቅባትስ? ቢያወርዷትስ? ታሪኩን የነገርኳት እኔ ነኝ... አርፌ አልቀመጥም ነበር?

ዓርብ፣ የካቲት 28

የጋሽ ኮቱ የመጨረሻ ቀን። ጫኞቹ አዲስ ኮት ገዝተው ሰጧቸው። አመሰገኑና በአሮጌው ላይ ደረቡት።

«ቅዳሜ ሳምንት ስቴዲየም ይምጡ፣ ልጄ ናት የምትጠራው» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ።»

«ኮቱን?»

«ኮትማ አይታጠብም።»

ትኬቱን ኪሳቸው ከተትኩት። የትኛው ኮት ኪስ እንደገባ እንጃ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ተመልሰናል። እናትና ልጅ እዚያ ክፍል ያወራሉ። እንዳልረሳ ልጻፍ።

ይዤ የሄድኩት፦ ውሃ፣ የጉሮሮ ከረሜላ፣ ጃንጥላ፣ ፋሻ። አንዱም አላስፈለገም።

ዝናብ የለም። ሰው ሞልቷል። ልጄ ብረቱ ላይ ወጣች። ከታች ስትታይ እንዴት ትንሽ ናት... ሁለት ልጆች ጫማዋን ይዘውላታል። ጎሚስታው ከበሮውን ታጥቆ ከሥሯ ቆሟል። ቡድኖቹ ገቡ።

«ማን ቀረ?»

እጇን ዘረጋች፣ ዝም በሉ ለማለት። ጎሚስታው አልመታም። ግማሹ ሕዝብ ከልማዱ «ማንም!» አለ፣ ግማሹ ግራ ገብቶት ቆመ፣ ከኋላችን አንዱ «ጠፋባት ዘፈኑ!» አለ። ተቃራኒዎቹ በፉጨት አደነቆሩን። ሳቅ። እኔ ያለሁበት ወንበር ድረስ ሳቅ። ጎሚስታው ፊቷን አየና ሦስቴ መታ፣ አዳናት። ዘፈኑ ተዘፈነ። እሷ ግን አልዘፈነችም። ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ምልክቱ አሁንም አለ።

አንድ የኮሚቴ ሰው ወደ ብረቱ ሄዶ የሆነ ነገር አላት። እሷ አንድ ጣት አነሳች። አንዴ ብቻ ማለቷ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ነው ድጋሚ የሚዘፈነው።

አንድ ለባዶ እየተመራን ዕረፍት ወጣን። ውሃ ልጠጣ ስል ከደረጃው በታች ሁለት ኮት የለበሰ ሰው አየሁ።

«ማጠቡን ጨረሱ?» አልኳቸው።

«አልደርቅ አለ» አሉ። እኔና ሚስቴ መሃል አስቀመጥናቸው። ከደረጃው የተነሳ ያለከልካሉ።

ቡድኖቹ ተመለሱ። ልጄ ወደኛ ዞረች። አየቻቸው መሰለኝ... ከዚያ ወደ ሜዳው ዞረች።

«ማን ቀረ?»

ጎሚስታው ዱላውን አነሳ። ልጄን ቀና ብሎ አያት። ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

በዚህ ጊዜ እጇን አልዘረጋችም። ዝም በሉ አላለችም። አንገቷን ወደ ሜዳው ሰገግ አደረገች፣ ጆሮዋን አዞረች፣ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አደረገች፣ አፏን ትንሽ ከፈተች። አዳመጠች። የምሯን። አንድ ሰው ውስጥ እንዳለና ልታወጣው እንደመጣች።

አጠገቧ ያሉት ምን ሰማች ብለው ዝም አሉ። ከነሱ ኋላ ያሉት እነሱ ዝም ሲሉ ዝም አሉ። ዝምታው ወንበር በወንበር ወደ ላይ ወጣ፣ ዓይኔ እያየ። እኛ ጋ ደረሰ። አልፎን ሄደ። ተቃራኒዎቹ ያፏጫሉ... ከዚያ ፉጨቱ ሳሳ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ እሱም አፈረ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው። የባንዲራው ገመድ ብረቱን ሲመታ ሰማሁ። ኦቾሎኒ ሻጩ ወረቀት ሲጠቀልል ሰማሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰማይ ጎንበስ ብሎ የሚሰማ ነው የመሰለኝ።

አጠገቤ ጋሽ ኮቱ አየር ሲስቡ ይሰማኛል። እሺ ብሎ አይገባላቸውም። መርዳት አማረኝ። «ማንም» ልልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። በጥርሴ ያዝኩት። ጠበቅኩ። ሁሉም ጠበቀ።

ጋሽ ኮቱ ተነሱ።

«ማንም» አሉ።

ሻካራ ነው ድምፃቸው፣ ግን ሜዳውን ተሻገረ። በረኛው ዞሮ ሲያይ አየሁት። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ አፍ «ማንም!» አለ፣ ከእግሬ ሥር ሲሚንቶው ተንቀጠቀጠ። ጎሚስታው ከበሮውን ከዚህ በኋላ ነው የመታው። እያለቀሰ ነው የመታው።

ጋሽ ኮቱ ቁጭ አሉ። «ዛሬ ይሞቃል» አሉ። የላይኛውን ኮት አውልቀው ለሚስቴ አስያዟት።

አንድ ለአንድ ወጣን። ማን እንዳገባ አላየሁም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ብቻዬን ዘጋሁ፣ ስድስቱንም። ጠርቼ ጠበቅኩ። አልቆጠርኩም። አምስተኛው ላይ ከመደርደሪያው ኋላ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ አንዱ ጫኝ፣ ሳጥን ይዞ። ወጣ። ዘጋሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ኮሚቴው ከበሮው እንዲጠብቅ ወስኗል፣ ጎሚስታው ራሱ ነው ሐሳቡን ያቀረበው። ያየኋት ደክሟት ነው። ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ልጠይቃት የፈለግኩት ስምንት ነገር ነበር። መልሳቸውም ሁሉ አፌ ላይ ነበር።

«በላሽ?» አልኳት።

ዝም አልኩ።

ሚስቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ልጄ ቀና አለች፣ መልሱን ከኔ ትጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ የለኝም። ትንሽ ቆየች...

«አልበላሁም» አለች። «አንተን እየጠበቅኩ ነው።»